ፋርማኮጄኔቲክስ (መድኃኒታዊ ሥነ ዘረመል)፦ አንዱን የፈወሰ መድኃኒት ሌላውን ለምን አይፈውስም?

ፋርማኮጄኔቲክስ፣ ሰው በዘር የወረሰው ባሕርይ ለሚወስደው መድኃኒት በሚሰጠው ምላሽ ላይ ያለውን ድርሻ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። ቃሉን በ1959 የፈጠረው ጀርመናዊው የሥነ ዘረመል ሊቅ ፍሪድሪክ ፎግል ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአማርኛ «መድኃኒታዊ ሥነ ዘረመል» ብንለው ይስማማል፤ «ሥነ ዘረመል» ለጄኔቲክስ የለመድነው ስያሜ ስለሆነ፣ ቅጽሉን መጨመር ብቻ ይበቃል። «የዘረመል ሕክምና» ከሚባለው ጋር ግን ሊምታታ አይገባም። የዘረመል ሕክምና የተበላሸውን ዘረመል በማረም ወይም ጤነኛውን በመጨመር በሽታን ለማዳን ይሠራል። መድኃኒታዊ ሥነ ዘረመል ግን ዘረመሉን ያነባል እንጂ አይነካውም፤ አንብቦም የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን ለማን ሊስማማ እንደሚችል ይጠቁማል።

የዚህ ጥናት ጥቅም ጎልቶ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ የድባቴ (የዲፕሬሽን) ሕክምና ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው መጥተው አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በአንድ መጠን ይታዘዝላቸዋል። አንደኛው በወሩ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ ምግብ ይበላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለተኛው አፉ ከመድረቅና ራሱን ከማዞር በቀር ያገኘው ነገር የለም። ከዚያ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ ሰፊ መልስ የሰጠው በ2018 «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። አንድሪያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቹ 21 ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች የተፈተኑባቸውን 522 ሙከራዎች አሰባስበው መረመሩ፤ በሙከራዎቹ 116,477 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሃያ አንዱም መድኃኒቶች ከማስመሰያ ክኒን በልጠው ተገኝተዋል። እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ግን በአማካይ የታየው ብልጫ ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። አንዱ በውጤታማነት ትንሽ ይቀድማል፤ ሌላው የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀለል ስለሚል ታካሚው ሳያቋርጥ ይወስደዋል።

አማካይ ግን የብዙዎች ድምር ነው። «ስታር ዲ» የተባለውና ውጤቱ በ2006 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ከ4,000 በላይ ታካሚዎችን መዝግቦ፣ ሁሉንም ሲታሎፕራም በተባለ ፀረ ድባቴ መድኃኒት አስጀመረ። በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ከሕመሙ ምልክቶች ሙሉ በሙሉ የተላቀቁት ከሦስት ሰዎች አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ከፊሎቹ መድኃኒቱ ሲለወጥላቸው ወይም ሌላ ሲታከልላቸው ተሽሏቸዋል። እንግዲህ በመድኃኒቶቹ መካከል ካለው አማካይ ልዩነት ይልቅ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል ማለት ነው። መድኃኒታዊ ሥነ ዘረመል ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የተዋጠ ክኒን ወደ ደም ከገባ በኋላ በዋናነት በጉበት ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ይሰባበርና ከሰውነት ይወገዳል። ለፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ከሁሉም በላይ የሚጠቀሱት ሁለት ኢንዛይሞች ሲዋይፒ 2ዲ6 እና ሲዋይፒ 2ሲ19 ናቸው። እነ ኖርትሪፕቲሊንን በብዛት የሚሰባብረው የመጀመሪያው ነው፤ በሲታሎፕራምና በኤሲታሎፕራም ላይ የሁለተኛው ድርሻ ያመዝናል፤ አሚትሪፕቲሊን ሁለቱንም ይፈልጋል። የኢንዛይሞቹ ዘረመል ቅጂ ከእናትና ከአባት የሚወረስ በመሆኑ ሰዎች በዋናነት በአራት ይመደባሉ፤ በአማርኛ አዝጋሚ፣ መካከለኛ፣ መደበኛ እና እጅግ ፈጣን አድቃቂዎች ልንላቸው እንችላለን። በአዝጋሚው ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ለሌላው የተለመደው መጠን ለእሱ ይበዛበታል። በእጅግ ፈጣኑ ዘንድ ደግሞ መድኃኒቱ ገና ሥራውን ሳይጀምር ተሰባብሮ ይወጣል። እንዲህ ያለው ታካሚ በየቀኑ እየወሰደ «መድኃኒቱን በትክክል አትወስድም» ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል።

በስዊድን የተመዘገበ አንድ ታሪክ ይህን ያሳያል። በ1985 በታተመ ዘገባ፣ የድባቴ ሕመምተኛ የሆነች አንዲት ሴት በደሟ ውስጥ በቂ ኖርትሪፕቲሊን እንዲገኝ በቀን 500 ሚሊግራም መውሰድ አስፈልጓት ነበር፤ ለአብዛኛው ሰው ከ150 ሚሊግራም አያልፍም። ምስጢሩ የተፈታው በ1993 ነው፤ የስዊድን ተመራማሪዎች የሲዋይፒ 2ዲ6 ዘረመሏ ከተለመደው ቁጥር በላይ ተባዝቶ አገኙት።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። በ1996 በስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተባዛ ሲዋይፒ 2ዲ6 እንዳላቸው ታወቀ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ባሕርይ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ውጤቱ ከድባቴም አልፎ ሄዷል። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይኸው ኢንዛይም በመሆኑ፣ በእጅግ ፈጣን አድቃቂ ላይ ሞርፊኑ በአንድ ጊዜ ሊበዛና ትንፋሽ እስከ ማሳጠር ሊደርስ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2015 ኮዴይንን ስታግድ አንዱ ምክንያቷ ይህ ነበር።

ነገር ግን ዘረመል ብቻውን ወሳኝ እንዳልሆነ የዚሁ ቡድን ሌላ ጥናት አሳይቷል። በ2002 በወጣው በዚህ ሥራ፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩና ስዊድን የሄዱ ኢትዮጵያውያን ተነጻጸሩ። የሲዋይፒ 2ዲ6 ዘረመላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩት ኢንዛይማቸው ዘገም ብሎ ሲሠራ ተገኘ። አመጋገብን የመሰለ የአካባቢ ተጽዕኖ የዘረመልን ሥራ ሊቀይር ይችላል ማለት ነው። ሌላ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የተባሉት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ራሳቸው ሲዋይፒ 2ዲ6ን ያግዳሉ፤ ስለዚህ በተፈጥሮው መደበኛ አድቃቂ የሆነ ሰው እነዚህን ሲወስድ እንደ አዝጋሚ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ አሚትሪፕቲሊን ከተጨመረበት መጠኑ ሳይታሰብ ያሻቅባል።

ታዲያ ሁሉም ታካሚ ዘረመሉን ቢያስመረምር ይጠቀማል? መልሱ ገና መካከል ላይ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን፣ ሲዋይፒ 2ሲ19ን በተመለከተ አዝጋሚ የሆነ ሰው የልብ ምቱ እንዳይዛባ ከ20 ሚሊግራም በላይ ሲታሎፕራም እንዳይወስድ ይመክራል። የባለሙያዎች መመሪያም እጅግ ፈጣን አድቃቂዎች ከእነ አሚትሪፕቲሊን ይልቅ ሌላ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ያሳስባል። በሌላ በኩል፣ በ2022 ውጤቱ በወጣው ጥናት 1,944 የአሜሪካ ጦር አባላት የነበሩ ታካሚዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ የአንደኛው ሐኪሞች የዘረመል ውጤት እያዩ አከሙ። በክትትሉ ወራት መጠነኛ ብልጫ ቢታይም፣ በ24ኛው ሳምንት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጉልህ አልነበረም። ምርመራው ጉዳት የሚያስከትልን መጠን ለመለየት ይጠቅማል፤ የሚፈውሰውን መድኃኒት በእርግጠኝነት ሊመርጥ ግን አይችልም። ለዚህም ምክንያት አለ፦ የጉበት ኢንዛይም የሚወስነው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚኖረውን መጠን ነው። ድባቴው ከሐዘን፣ ከታይሮይድ መዛባት፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም ጊዜ ጭንቀት መምጣቱን ግን አይናገርም።

ምርመራው በየክሊኒኩ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ በዝቅተኛ መጠን ጀምሮ፣ እየተከታተለና እያስተካከለ የሚሄደው ለመድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው። ስለሆነም አንባቢ ለራሱም ሆነ ለቤተሰቡ ጥቂት ነገር ቢያስታውስ ይጠቅማል። ለእኅት ወይም ለጎረቤት የሠራ ክኒን ለእርስዎም ይሠራል ብለው አይውሰዱ። የመድኃኒቱ ሙሉ ውጤት በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈልግ ቸኩለው አያቋርጡ፤ ማቆም ካስፈለገም ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ምክር ይሁን። የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቀደም ሲል ትንሽ መድኃኒት በዝቶብዎት ወይም የትኛውም መጠን ሳይሰማዎት ቀርቶ ከነበረ ይህንም አይደብቁ፤ ለሐኪምዎ ከሁሉ የሚጠቅም መረጃ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ በሕክምናው መጀመሪያ ሳምንታት የመረበሽ ስሜት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም ማለት ድባቴው አይታከምም ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለውን ለመሞከር ተመልሶ መሄድ የሕክምናው አካል ነው።