ከካምፔቼ ረግረግ እስከ ማይክሮስኮፕ

ከበሽተኛ ሰውነት ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ የተላከ ናሙና፣ ከወረቀት ሳስቶ ሲቆረጥ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ቀለም አልባ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ናሙናው ከተቀለመ በኋላ ነው። ኒውክለሱን ሰማያዊ የሚያደርገው ሄማቶክሲሊን እስከ ዛሬ የሚገኘው ከዛፍ ግንድ ነው።

ዛፉ የዩካታን ረግረግ ተወላጅ ነው፤ ካምፔቼና ቤሊዝ ዋና አገሮቹ ናቸው። ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ አውሮፓ ሲወስዱት ጨርቅ አቅላሚዎች ተሻሙበት። እንግሊዝ ቀለሙ ይለቃል ብላ በ1581 በሕግ ከለከለችው፤ የስፔን ሸቀጥ መሆኑም ሳያስጠላው አልቀረም። አቅላሚዎች በማዕድን ጨው ማስያዝን ሲለምዱ ክልከላው ተነሣ።

የታሪኩ ክፉ ገጽ ከዚህ ይጀምራል። የስፔንን መርከብ ሲዘርፉ የኖሩ እንግሊዛውያን የባሕር ወንበዴዎች ራሳቸው እንጨት ቆራጭ ሆኑ። ሥራው ሲሰፋ ከጃማይካ አፍሪካውያን ባሮችን አመጡ፤ ረግረጉ ውስጥ ግንድ የሚጥሉት፣ ነጩን እየላጡ ቀዩን የልብ እንጨት የሚያወጡት እነሱ ሆኑ። ንግዱ ያን ያህል ውድ ስለነበር የ1763ቱ የፓሪስ ውል እንኳ ስለዚህ እንጨት የሚናገር አንቀጽ አለው።

ሳይንስ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1863 ጀርመናዊው ቫልዳየር በነርቭ ላይ ሞከረው። በ1865 ቦመር አሉም ጨመረበት፤ ኒውክለሱ ቀለሙን ያዘ። ሄማቶክሲሊን ብቻውን ቀለም አይደለም፤ አየር ወደ ሄማቴይን ይለውጠዋል፣ አሉሙ ደግሞ ያስይዘዋል። የማስያዣውን ጥበብ የጨርቅ አቅላሚዎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር!

በ1876 ሮዝ ከሚያቀልመው ኢዮሲን ጋር ተጣመረ። ኢዮሲን የተወለደው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኬሚስትሪ ነው፤ ያው ኬሚስትሪ የካምፔቼን እንጨት ከጨርቅ ገበያ አስወጥቶታል። ላቦራቶሪው ግን ዛፉን አልተወም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አቅርቦቱ ሲያጥር ተተኪ ማቅለሚያዎች ተሞክረው ነበር፤ ቦታውን የወሰደለት የለም።

በቤሊዝ ባንዲራ ላይ ሁለት እንጨት ቆራጮች ቆመዋል፤ አንዱ መጥረቢያ፣ ሌላው መቅዘፊያ ይዟል። ከኋላቸው ያለው ዛፍ ግን ማሆጋኒ ነው። የማቅለሚያው እንጨት ዋጋ ሲወድቅ ባሮቹ ወደዚያ ተዛውረው ነበር።