ማቀዝቀዣ የተባሉት እናቶች

የኦቲዝም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በሐኪሞች ስም ነው። እኔ ግን የድሮ ጽሑፎቹን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሐኪሞቹ በሚጠቅሷቸው የወላጆች ደብዳቤዎች ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1943 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠራው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ስምንቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሞስኮ ላይ ግሩኒያ ሱካሬቫ የምትባል ሐኪም በ1920ዎቹ ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ነበር፤ ሳልጠቅሳት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዓለም የሰማው ግን ካነርን ነው።

ከልጆቹ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ። አራት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1937፣ ወላጆቹ በሐኪም ምክር ተቋም አስገቡት። አንድ ዓመት ያህል ቆይተው የተቋሙ ኃላፊ እየተቃወመ ወደ ቤት መለሱት። ጠበቃው አባቱ ስለ ልጁ 33 ገጽ ደብዳቤ በታይፕ አስጽፎ ለካነር ላከ። እናቱ ሜሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጻፈችለት።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ኑሮ የማንኛችንም ቤት ነው። ልጁ ድስቱንም መጫወቻውንም መሬት ላይ ያሽከረክራል። ምሳ ሲቀርብ እናቱ እሱ የሚፈልገውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ካላለችለት የአንገቱ ጅማት እስኪገተር ይጮሃል። ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም፤ በአንዱም በሌላውም ሰበብ ቀኑን ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ያየው ማን ነው? ካነር ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ቤት አልነበረም! የኦቲዝም የመጀመሪያው መረጃ የተሰበሰበው ማዕድ ቤትና ምግብ ጠረጴዛ አጠገብ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ካነር እዚያው ጽሑፍ ላይ ወላጆቹ እንዲህ በዝርዝር መጻፋቸውን ራሱን እንደ አንድ ችግር ቆጠረው፤ ነገር አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች ናቸው አለ። መጨረሻው ላይ ልጆቹ ከነዚህ ነገሮች ጋር እንደተወለዱ መቀበል አለብን ብሎ ነበር። በ1949 ግን ልጆቹ በረዶው በማይቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ ጻፈ። «ማቀዝቀዣ እናት» የሚለው ስያሜ ከዚህ መጣ። በዚያ ዘመን ባልቲሞር ድረስ ልጅ ይዞ መሄድ የሚችለው የተማረና ገንዘብ ያለው ወላጅ መሆኑን ያሰበበት ሰው ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ «የተማረች፣ ቀዝቃዛ እናት» የበሽታው ምክንያት መሰለች።

ነገሩን ያባሰው ቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም ነው። ዳካውና ቡከንቫልድ የናዚ ካምፖች ታስሮ የወጣ ሰው ነበር። በ1967 ባሳተመው «ባዶው ምሽግ» የኦቲስቲክ ልጅን ሁኔታ ከካምፕ እስረኛ ጋር አነጻጸረ። እስረኛው ልጁ ከሆነ ጠባቂዋ ማን እንደሆነች አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። መጽሐፉ ተወደሰ። ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ የሄደች እናት ስለ ልጇ ከመስማቷ በፊት ስለ ራሷ ትጠየቅ ጀመር።

መልሱ የመጣው ከቤት ነው። ግሎሪያ ሪምላንድ ስለ ልጇ ግራ ሲገባት ኮሌጅ ሳለች እንዲህ ያለ ልጅ መጽሐፍ ላይ ማንበቧ ትዝ አላት፤ የድሮ መጽሐፎቿን አስፈልጋ ቃሉን አገኘችው። ባሏ በርናርድ የባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ ኖሮ በ1964 የእናት ጥፋት የሚባለውን የሚያፈርስ መጽሐፍ አወጣ፤ መቅድሙን የጻፈለት ካነር ራሱ ነው። በ1965 ከሩት ሰሊቫን ጋር ሆነው የወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ሩት ነርስ ናት፣ የሰባት ልጆች እናት። ክላራ ክሌይቦርን ፓርክ ደግሞ ቤተልሃይም ባሳተመበት በዚያው 1967 ስለ ልጇ «ከበባው» የተሰኘ መጽሐፍ ጻፈች። እኔ ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ መናገር አያስፈልግም።

በ1969 ካነር ዋሽንግተን በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ ወላጆቹን ነፃ አወጣቸው። አጨበጨቡለት። እኔ ያቺን ጭብጨባ ሳስባት ትንሽ ይከነክነኛል፤ ማን ማንን ነው ይቅር ማለት የነበረበት? በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንታዎችን አጥንተው ኦቲዝም በዘር እንደሚወርድ አሳዩ።

እኛ አገር ቤተልሃይምን ያነበበ ጥቂት ነው፤ ፍርዱ ግን ሳይነበብም ነበረ። «ምን በድላ ይሆን?» ይባላል። ልክፍት ነው፣ እርግማን ነው፣ ጸበል ውሰጂው። ጎረቤት ቡና ላይ ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ «ቅጣት ያጣ ነው» የሚል አይጠፋም፤ እናትም በሚቀጥለው ቡና ትቀራለች። በ2016 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት 102 አሳዳጊዎች 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል።

እዚህም ዝምታውን የሰበረችው እናት ናት። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ኦቲስቲክ የሆነውን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ቃሉንም የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ማዕከሉን እስክታርፍ ድረስ፣ እስከ 2021፣ መራችው። አፍ ላልፈቱ ልጆች ያዘጋጀችው ማስተማሪያ የውጭ አገር ቅጂ አልነበረም፤ የተነሣችው ከፊደል ገበታችን ነው፣ ስሙም አቡጊዳ ነው።