የሰፈር ሰው ያቆመው፣ የሰፈር ሰው ያዳነው ቅስት

የኒውዮርኩ ፊፍዝ አቬኑ መነሻው አንድ ነጭ የእብነ በረድ ቅስት ነው። በማንሃተን ግሪንዊች ቪሌጅ፣ በዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ቁመቱም 23 ሜትር ያህል ነው። የተሠራው ለመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ነው። እንዲህ ያሉ የድል በሮችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠሩት ነገሥታትና መንግሥታት ናቸው። ይህን ግን ያሰበውም፣ ገንዘብ ያዋጣለትም፣ በኋላ ከመኪና ያዳነውም የአካባቢው ነዋሪ ነው።

ዋሽንግተን በኒውዮርክ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን የያዙት ኤፕሪል 30 ቀን 1789 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መቶኛው ዓመት በ1889 ሲከበር፣ ከአደባባዩ ነዋሪዎች አንዱ የሆነው ዊልያም ራይንላንደር ስቱዋርት ከጎረቤቶቹ 2,765 ዶላር አሰባሰበ። በገንዘቡም አርኪቴክቱ ስታንፎርድ ዋይት ከአደባባዩ ጥቂት ወደ ሰሜን ፈንጠር ብሎ ጎዳናውን የሚሻገር ጊዜያዊ ቅስት በእንጨትና በጀሶ ሠራ። በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሳል የተባለው ቅስት በሕዝቡ ዘንድ ስለተወደደ፣ በእብነ በረድ ዳግም ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ። መዋጮው ቀጠለ፤ ፖላንዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ኢግናዚ ፓዴሬቭስኪ ሳይቀር የአንድ ኮንሰርቱን ገቢ ሰጠ። ግንባታው በ1890 ተጀምሮ በ1892 አብዛኛው ሥራ አለቀ፤ ቅስቱ በይፋ የተመረቀው ግን ሜይ 4 ቀን 1895 ነው።

መሠረቱ ሲቆፈር ሦስት ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የሰው አጽም፣ የሬሳ ሣጥንና 1803 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። ሊያስገርም አይገባም ነበር። ከተማው ቦታውን በ1797 የገዛው ለድሆችና ቀባሪ ለሌላቸው መካነ መቃብር እንዲሆን ነው፤ በቢጫ ወባ ያለቁ ብዙዎችም እዚሁ ተቀብረዋል። መቃብሩ በ1825 ሲዘጋ 20 ሺህ ያህል ሰው አፈር ውስጥ ነበር። አስከሬኑ ሳይነሳ መሬቱ ተደልድሎ የሠራዊት ሰልፍ ሜዳ ሆነ፤ ዙሪያውን ደግሞ የባለጸጎች ቤቶች ተሠሩበት። ቅስቱን ያሠሩት ሰዎች የእነዚያ ቤቶች ባለቤቶች ነበሩ። በእብነ በረዱ ላይ የፕሬዚዳንቱ ክብር ሲነገር፣ ስማቸው ያልተጻፈላቸውን የእነዚያን ድሆች ነገርም አብሮ ማንሳት ተገቢ ነው።

ቅስቱን ቀርቦ ለሚያይ ሰው የሚበጀው ከጎዳናው በኩል፣ ማለትም ከሰሜን መምጣት ነው፤ ሁለቱ ሐውልቶች ያሉት በዚያ ፊት ነውና። በምሥራቁ ምሰሶ ላይ ዋሽንግተን የጦር አዛዥ ሆነው ይታያሉ። ሥራው የሄርመን ማክኒል ሲሆን የቆመው በ1916 ነው። በምዕራቡ ምሰሶ ላይ ደግሞ በሲቪል ልብስ፣ በፕሬዚዳንትነታቸው ቀርበዋል። ከኋላቸው ጥበብና ፍትሕ በሰው አምሳል ተቀርጸው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው በተገለጠው የድንጋይ መጽሐፍ ላይ የዋሽንግተን ቤተሰብ መፈክር በላቲን ይነበባል። ይህን በ1918 የሠራው አሌክሳንደር ስተርሊንግ ካልደር ነው፤ በአየር ላይ በሚንቀሳቀሱ ቅርጾቹ ዓለም ያወቀው የአሌክሳንደር ካልደር አባት ማለት ነው። ዋይት በ1906 በሰው እጅ ስለተገደለ ሁለቱንም ሐውልቶች አላየም።

በአንዱ ምሰሶ ውስጥ እስከ ጣሪያው የሚያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። በጃንዋሪ 1917 አንድ ምሽት ሠዓሊዎቹ ጆን ስሎንና ማርሴል ዱሻምፕ፣ ገጣሚዋ ገርትሩድ ድሪክና ሌሎች ሦስት ጓደኞቻቸው በዚህ ደረጃ ወጥተው፣ ፊኛና ፋኖስ ሰቅለው፣ ግሪንዊች ቪሌጅ ነፃ ሪፐብሊክ መሆኗን አወጁ። ስሎን ሁኔታውን በኅትመት ሥዕል አስቀርቶታል። በሩ ለሕዝብ ዝግ ነው።

የከፋው አደጋ የመጣው ከመኪና ነው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ መኪና በፓርኩ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ የፊፍዝ አቬኑ አውቶቡሶችም የሚዞሩት እዚያው ነበር። ኃያሉ የከተማው ባለሥልጣን ሮበርት ሞዝስ ጭራሽ ፓርኩን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ መንገድ ለመቅደድ አቀዱ። በ1952 ሸርሊ ሄይስ የተባለች የሰፈሩ እናት ኮሚቴ አቋቁማ ተቃውሞውን ጀመረች፤ ኋላ በከተማ ጉዳይ መጽሐፏ የታወቀችው ጄን ጄኮብስና የቀድሞዋ ቀዳማዊት እመቤት ኤሊኖር ሩዝቬልትም ተቀላቀሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ መኪና ጨርሶ አይግባ። ዓመታት የፈጀው ትግል ሰመረ፤ በኖቬምበር 1958 በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ለሙከራ ተዘጋ፣ በቀጣዩ ዓመትም እገዳው ጸና። መንገድ ሲከፈት ሪባን ይቆረጣል፤ በዚያ የኖቬምበር ቀን ግን መንገድ ስለተዘጋ ሪባን ታሰረ። ካሰሩት አንዷ የጄኮብስ ትንሽ ልጅ ነበረች። ያ ትግል ባይኖር ዛሬ በቅስቱ ሥር የሚያልፈው እግረኛ ሳይሆን መኪና በሆነ ነበር።

እብነ በረዱ ግን በከተማው ጭስና በዝናብ እየተበላ መጣ። ለዓመታት በአጥር ተከልሎ ከቆየ በኋላ ጥገናው ተጠናቆ ኤፕሪል 30 ቀን 2004 ዳግም ተመረቀ። በ2009 ደግሞ የፓርኩ ፏፏቴ ከነበረበት ተነስቶ በቅስቱና በጎዳናው ትይዩ ተተከለ፤ በፊፍዝ አቬኑ ወደ ደቡብ የሚመጣ ሰው ፏፏቴውን በቅስቱ መሐል ያየዋል።