ከዳሞታ ማዶ፦ የአባያ ዳር ሰፋሪዎች

ሰማዩ በጠራ ቀን ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው አባያ ሐይቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋቱ ቀዳሚው ይኸው ነው፤ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ወላይታ ሶዶ ግን ይህን ያህል ውሃ በቅርብ ርቀት እያላት የሐይቅ ከተማ አልሆነችም። ሐዋሳና ባሕር ዳር ውሃው ዳር ሲቆረቆሩ፣ ሶዶ የከተመችው ዳሞታን ተደግፋ ከፍታው ላይ ነው።

ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረ። ቆላው ሰውን በወባ፣ ከብትን በገንዲ ይፈጅ ነበር። ኑሮው በእንሰት፣ በቦይናና በጓሮ ከብት ላይ ለቆመ ደገኛ፣ ከብቱ የማይተርፍበት መሬት መሬት አይባልም። ፍግ ከሌለ እንሰቱም አይፋፋም። ስለዚህ ከሁምቦ ተራራ በታች ያለው ሜዳ ለረጅም ዘመን የቁጥቋጦና የአውሬ ሆኖ ቆየ። ሐይቁን በእርግጥ ቤቴ ብለው የኖሩት ሌሎች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በጊዲቾ ደሴትና በዙሪያዋ የሚኖሩትን ባይሶዎች ማንሳት ይገባል። ቀላል እንጨት አስረው በሠሩት ታንኳ ውሃውን እንደ መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል።

የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ወግቶ ካዎ ጦና ጋጋን ሲማርክ፣ የአገሪቱ ታሪክ በደጋው ላይ ተለወጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1888 ዓ.ም. ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ አባያ ደረሰና ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» አለው። የአገሩ ጦር አድዋ ላይ ከተሸነፈ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ስሙ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ብዙ ዘመን ቆየ፤ በዳርቻው ለሚኖሩት ሰዎች ግን ሐይቁ አባያ እንደሆነ ነው የዘለቀው።

ደገኛውን ወደ ሐይቁ ያወረደው የመሬት ጥበት ነው። ወላይታ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አንዱ ነው። የብዙው ገበሬ ማሳ ከግማሽ ሄክታር በታች ወርዶ፣ ልጅ ሲጎለምስ የሚቆረስለት ጠፋ። በ1950ዎቹ የአውራጃው ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወልደ ሰማያት ገብረ ወልድ ገበሬዎችን በሐይቁ በኩል ወዳለው አበላ ቆላ የማስፈር ሥራ ጀመሩ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ዋዱ» የሚለው፣ ተቋቋመና ሰፈራውን በአበላና በበሌ ቆላዎች አስፋፋው።

ሰፋሪው ያገኘው ማሳ በደጋው ትቶት ከመጣው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ግን ማሳ ብቻ አልነበረም የጠበቀው። ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ከእንሰት ወደ በቆሎና ጥጥ ተሻግሮ፣ የማያውቀውን ሙቀትና ወባ ችሎ መኖር ነበረበት። የእንሰት አገር ሰው ክረምትና በጋ የማይጠፋ ምግብ ከጓሮው ነው የለመደው። በቆሎ ግን ዝናብ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ስለ ዋዱ ሲወራ ማዳበሪያውና ብድሩ ይነሣል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እነዚያ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች እንዴት እንዳሳለፉ ነው። ዋዱ በ1974 ዓ.ም. ገደማ ተዘጋ፤ ሰፋሪዎቹ ቀሩ።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ ከሲዳማ ጋር በሚያዋስነው የብላቴ ወንዝ አካባቢ ሌላ ትዝታ አለ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ትምህርት አስቋርጦ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ አዘመተ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ሲወድቅ ከዘማቾቹ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ለአንድ ትውልድ የከተማ ልጆች ይህ ቆላ የሚታወሰው በዚያ ነው።

ዛሬ ከሶዶ መናኸሪያ የአርባ ምንጭን መንገድ የያዘ መንገደኛ ጠበላን ሲያልፍ ሙቀቱ ይቀበለዋል። እንሰቱ ይሳሳል፤ ሙዝ፣ ማንጎና በቆሎ ይተካሉ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው የአቧራ መንገድ ዳር በቆሎው መሀል በአራት ግንድ ላይ የቆመ ማማ ይታያል፤ ጠባቂው ወንጭፉንና ባትሪውን ይዞ ያድርበታል። ጉማሬ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ የሚግጠው ሣር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሌሊት የቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊያጠፋ ይችላል። ዳርቻው ላይ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው ቆሮሶና አምባዛ ይለያሉ። ውሃ ሊቀዳ የሚወርድ ሰው ዐይኑን ከውሃው አይነቅልም፤ አዞ አለ።

ውሃው ቀይ ቡናማ ነው። ብላቴና ሌሎች ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው እንዲህ ያቀላው። ደጋው ሲራቆት ሐይቁ እንደሚደፈርስ የተረዱ ሰዎች ከላይ ሁምቦ ተራራ ላይ የሠሩት ሥራ ስለዚህ ከዳርቻው ታሪክ አይነጠልም። በ2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ላይ ሕያው የሆኑ የዛፍ ጉቶዎችን ከልለው፣ ቅርንጫፋቸውን እየመለመሉ ደኑን መለሱት። ይህ ደን የመመለስ ፕሮጀክት በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ የካርቦን ገቢው ለገበሬዎቹ ማኅበራት መድረስ ጀመረ። ከዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ግጦሹንና ማገዶውን ትቶ ለጠበቀው ገበሬ ነው።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ለሽርሽር ሲታሰብ ግን የከተማው ሰው አርባ ምንጭ ድረስ ይሄዳል እንጂ አበላ አይወርድም። ቢወርድ ደስ ይለኛል፤ አጎበርና መከላከያ ቅባት ይዞ፣ ዳርቻውን ከሚያውቅ ሰው ጋር። በመጀመሪያው ሰፈራ ከወላጆቻቸው ጋር የወረዱት ልጆች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ያ ሰፊ የተባለ ማሳም ለልጅና ለልጅ ልጅ እየተቆረሰ ነው፤ ከወራሾቹ ድርሻው ያነሰበት መረብ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሌላው ሥራ ፍለጋ ወደ ሶዶ ይወጣል። ማን ቀድሞ እንደወረደ፣ ማን በወባ እንደሞተ፣ ማን ተስፋ ቆርጦ ወደ ደጋው እንደተመለሰ የሚናገሩት እነዚያ አዛውንቶች ናቸው፤ መቅረጸ ድምፅ የያዘ የታሪክ ተማሪ ከሶዶ ተነሥቶ በዕለቱ ደርሶ ይመለሳል።