የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር

የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ከስልክ፣ ከኮምፒውተር ወይም ከሌላ የድምፅ ምንጭ የሚመጣን ደካማ ሲግናል ማዳመጫውን ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። በስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ትንሽ አምፕሊፋየር ስላለ ለብዙ ማዳመጫዎች ሌላ አያስፈልግም። ለከፍተኛ ደረጃ ማዳመጫዎች ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር ሲመረጥ ከዋጋው ይልቅ ሦስት መለኪያዎች ይታያሉ፦ ማዳመጫው የሚፈልገው ቮልቴጅ፣ የሚስበው የኤሌክትሪክ ጅረት (ከረንት) እና የአምፕሊፋየሩ የውጤት ኢምፒዳንስ።

ኢምፒዳንስና ትብነት

ኢምፒዳንስ ማዳመጫው ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን በኦም ይለካል። ትብነት ደግሞ ማዳመጫው በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ይገልጻል። አንዳንድ አምራቾች በ1 ሚሊዋት፣ ሌሎች በ1 ቮልት የሚገኘውን ዴሲቤል ስለሚጽፉ ሁለት ማዳመጫዎችን ከማወዳደር በፊት አሃዱን ማየት ያስፈልጋል።

ኦሙ ከፍ ያለ ማዳመጫ ሁሉ ትልቅ አምፕሊፋየር ይፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። በሙዚቃው ውስጥ ለቅጽበት የሚሰሙት ከፍተኛ ድምፆች 110 ዴሲቤል እንዲደርሱ ቢፈለግ የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ነው፦

• 300 ኦም የሆነና በ1 ሚሊዋት 97 ዴሲቤል የሚያወጣ ማዳመጫ፦ 20 ሚሊዋት፣ 2.4 ቮልት፣ 8 ሚሊአምፔር ገደማ።
• ሃይፋይማን ኤችኢ-6 (50 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል)፦ 450 ሚሊዋት፣ 4.7 ቮልት፣ 95 ሚሊአምፔር ገደማ።

ሁለተኛው በኦም ዝቅተኛ ቢሆንም ከ20 እጥፍ በላይ ኃይል ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ 10 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ ቮልቴጁም በዋት የተለካው ኃይል በኢምፒዳንሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ነው።

የውጤት ኢምፒዳንስ

የአምፕሊፋየሩ የውጤት ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። የብዙ ማዳመጫዎች ኢምፒዳንስ እንደ ፍሪኩዌንሲው ይለዋወጣል። የአምፕሊፋየሩ ከፍተኛ ከሆነ ማዳመጫው ኢምፒዳንሱ ከፍ በሚልባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ይበልጥ ይጮኻል፤ የድምፁ ሚዛንም ይዛባል። ያለ ውጤት ትራንስፎርመር የሚሠሩ የቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየሮች የውጤት ኢምፒዳንሳቸው ከፍተኛ ስለሆነ የሚስማሙት ለ300 ወይም ለ600 ኦም ማዳመጫዎች ነው።

ልዩ ሁኔታዎች

የአንድ ሞዴል ስም ብቻውን በቂ መረጃ አይሆንም። ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 በ32፣ በ250 እና በ600 ኦም ተሠርቷል። እንደ ጃፓኑ ስታክስ ያሉ ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫዎች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚፈልጉ የሚሠሩት ለእነርሱ በተዘጋጀ አምፕሊፋየር ብቻ ነው።

የመስማት ጤንነት

ኃይለኛ አምፕሊፋየር ከፍተኛ ትብነት ካለው ማዳመጫ ጋር ሲገናኝ የጀርባ ሹክሹክታ ሊሰማ ይችላል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ትንሽ ሲዞርም ድምፁ በድንገት ጆሮን እስከሚጎዳ ሊጨምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ገደብ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። በእያንዳንዱ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።