መድረኩን ለቃ ስቱዲዮውን የያዘች ድምፃዊት

ጣሊያናዊቷ ሚና (ሙሉ ስሟ አና ማሪያ ማዚኒ) እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ጋሳ ዳማንቴ» የተሰኘውን አልበሟን ስታወጣ 84 ዓመቷ ነበር። በሕዝብ ፊት የዘፈነችው ለመጨረሻ ጊዜ በኦገስት 1978፣ በቬርሲሊያ ባሕር ዳርቻ ባለው ቡሶላዶማኒ የትርኢት ሥፍራ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮንሰርት የለም፤ የአልበሞቿ መውጣት ግን አልተቋረጠም። ይህ ሲነሳ ብዙዎች ምክንያቱን በመሰወሯ ያሳብባሉ፦ ያልታየ ይናፈቃል፣ የተናፈቀም ይሸጣል ነው ነገሩ። እኔ ግን የዚህ ረጅም ዕድሜ ምስጢር ያለው በ1978ቱ ስንብት ሳይሆን ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ የንግድ ውሳኔ ውስጥ ነው እላለሁ።

ሚና ሥራውን ስትጀምር የጣሊያን ዘፋኝ የሌሎች ተቀጣሪ ነበር። በ1951 በተጀመረው የሳንሬሞ ፌስቲቫል የሚወዳደረው ዘፈኑ እንጂ ዘፋኙ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት 20 ዘፈኖችን የተጫወቱት ሦስት ተሳታፊዎች ብቻ ነበሩ፤ ከ1953 ጀምሮ ደግሞ አንዱ ዘፈን ለሁለት ድምፃውያን ይሰጥ ነበር። ማን ምን እንደሚዘፍን በመወሰን ረገድ ሸክላ አሳታሚዎቹ ከባድ እጅ ነበራቸው፣ ማን በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ የመንግሥቱ ጣቢያ ራይ ነበር። ሚና በ1960 እና በ1961 ሳንሬሞ ላይ ቀረበችና ዳግመኛ ላትመለስ ወጣች። በ1963 ትዳር ከነበረው ተዋናይ ከኮራዶ ፓኒ ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ ፍቺ ገና ባልተፈቀደባት ጣሊያን ራይ በሩን ዘጋባት። ሕዝቡ ግን ሸክላዋን መግዛቱን አልተወምና በቀጣዩ ዓመት መልሶ ከፈተላት። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1967 ከአባቷ ጋር ፒ.ዲ.ዩ. የተባለውን የራሷን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመች፤ መሠረቱም የስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ሆነ። ሥርጭቱ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ቢቆይም የዘፈን ምርጫው፣ የቀረጻው ጊዜና የሽፋኑ ሥዕል የእሷ ሆኑ። በ1981 «ሳሎሜ» ላይ ጺም አብቅላ፣ በ1987 ደግሞ «ራኔ ሱፕሬሜ» ላይ ጭንቅላቷ በጡንቻማ ወንድ አካል ላይ ተተክሎ የታየችው ለዚህ ነው፤ የሰው ተቀጣሪ ብትሆን ኖሮ አለቆቿ እሺ ይሏት ነበር ብዬ አላስብም።

አንባቢ «መሰወሯም እኮ ብልሃት ነው» ሊል ይችላል። ብልሃቱ ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ድምፃዊውን ሉቾ ባቲስቲንም በጠቀመው ነበር። እሱም ከመድረክና ከጋዜጠኛ ርቆ፣ ከ1986 እስከ 1994 ድረስ ከገጣሚው ፓስኳሌ ፓኔላ ጋር አምስት አልበሞች አወጣ፤ ዝምታው ከሚና ዝምታ ባያንስም የኋለኞቹ አልበሞች ገበያ እየቀነሰ ሄደ። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ የሚገዛት የ1960ዎቹን ቴሌቪዥን የሚያስታውስ ትውልድ ነው የሚለው። እውነት አለው። በ1998 ከድምፃዊው አድሪያኖ ቼለንታኖ ጋር የሠራችው አልበም በጣሊያን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ያለ ትዝታ እርዳታ አይደለም። ነገር ግን ትዝታ ብቻ የሚሸጥ ዘፋኝ የድሮ ዘፈኖቹን እየደጋገመ ይዞራል፤ መድረክ የሌላት ሚና ይህ መንገድ ተዘግቶባታል። ያላት ምርጫ አዲስ ሥራ መቅዳት ነበር። በ2019 ከዘፈን ደራሲው ኢቫኖ ፎሳቲ ጋር ያወጣችው አልበም በአዲስ ድርሰቶቹ የተሞላ ነው፤ ያኔ ዕድሜዋ 79 ነበር።

አሳታሚው የራስ መሆኑ ጉዳትም አለው፣ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ ድርብ አልበም ታወጣ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ሸክላ የሌሎችን ዘፈን፣ ሁለተኛው አዲሱን ይይዝ ነበር። ከሌሎቹ ሰዎች ዘፈኖች መካከል ጥቂት የማይባሉት ባይቀረጹ የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ አለቃ የሌለው ሰው «በቃሽ» የሚለው የለውም። ቢሆንም አሳታሚ እየለመነ በ84 ዓመቱ አዲስ ሥራ የሚያስቀርጽ ዘፋኝ ጥቂት ነው። ሚና ያን ዕድል ያገኘችው አስቀድማ፣ በ27 ዓመቷ፣ የራሷን ድርጅት ስላቋቋመች ነው።