«ትንሿ እንግሊዝ»፦ ስለ ኑዋራ ኤሊያ ደጋ አጭር ሐተታ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 የዓባይን ገባሮች ፍለጋ በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ መዘዋወሩን፣ ስለዚሁም መጽሐፍ መጻፉን የታሪክ ተማሪዎች ያውቃሉ። ከዚያ አስቀድሞ በሲሎን፣ በዛሬይቱ ስሪ ላንካ፣ ደጋ ላይ ለዓመታት መኖሩ ግን ብዙም አይወሳም። ለዚህ ሐተታ መነሻ የሆነኝም ይኸው ነው።

ኑዋራ ኤሊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,868 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ይህ ለእኛ አያስገርምም፤ ጎንደርም አዲስ አበባም ይበልጧታል። ለእኛ ደጋ መኖሪያ ነው። በቆላ ንዳድ ይረግፍ ለነበረው የእንግሊዝ ወታደርና ሹም ግን መሸሻ ነበር። አገረ ገዥው ኤድዋርድ ባርንስ በ1820ዎቹ በዚያ ቤት አሠራ፤ የሕሙማን ማገገሚያም ተቋቋመ። ቤከርም በ1847 በንዳድ ተይዞ ወደዚያ ወጣና በሁለት ሳምንት ውስጥ አገገመ። በተከታዩ ዓመት ወንድሙን፣ ገበሬዎችን፣ አንጥረኛ፣ ከብትና አዳኝ ውሾች አስከትሎ ተመለሰ። ዓላማው የአገሩን እርሻ ከነሰዉ አምጥቶ መትከል ነበር። የመጀመሪያውን ሰብል ግን ትልና የዱር አራዊት ፈጁት። በ1855 ያሳተመውን ሲሎናዊ ትዝታውን የሚያስነብበው፣ በእኔ ግምት፣ የአየሩ ውዳሴ ሳይሆን ይህ የውድቀት ትረካ ነው።

ቤከር በዚያው ዓመት ደጋውን ለቆ ሄደ፤ ደጋው ግን እየሰፋ ቀጠለ። በ1873 በአገረ ገዥው ዊልያም ግሪጎሪ ስም የሚጠራው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሠራ፤ በ1885 የምድር ባቡር ናኑ ኦያ ድረስ ደረሰ። የጽጌረዳው አትክልት፣ የፈረስ እሽቅድምድሙ፣ የጎልፍ ሜዳው ለከተማይቱ «ትንሿ እንግሊዝ» የሚል ቅጽል አተረፉላት። ዛሬም በሚያዝያው የሲንሃላና የታሚል አዲስ ዓመት ሰሞን የኮሎምቦ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ይጎርፍባታል።

ይሁንና በዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ተረተር ለዓይን ሲባል የተተከለ አይደለም። ትውልዱ ከእኛው ምድር የሆነው ቡና ቀድሞ የሲሎንን ደጋ ይዞት ነበር። በ1869 የታየው የቅጠል ዋግ አጠፋው፤ ጀምስ ቴይለር በ1867 መትከል የጀመረው ሻይም ተተካ። ቅጠሉን የሚለቅሙት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎችና ልጆቻቸው ናቸው። ስለ ደጋው በተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች ውስጥ አበባው በየስሙ ሲጠራ፣ ለቃሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ደማቅ ልብስ ሴት ብቻ ሆና ታልፋለች። አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው። የቀሩት ሁሉ ዜግነት እንዲያገኙ የሚያስችለው ሕግ የወጣው በ2003 ነው።